ለአብሮ አደጌ፣ ከካማርግ መልስ

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህ ደብዳቤ ሰባት ዓመት የዘገየ ነው። የእናትህን ዕረፍት ነግረህ ለጻፍህልኝ ደብዳቤ በጊዜው አንድ መስመር እንኳ አልመለስሁም፤ መጀመሪያ ለሐዘንህ የሚመጥን ቃል አጣሁ፤ ኋላም ወር በወር ላይ፣ ዓመትም በዓመት ላይ ሲደራረብ በመዘግየቴ አፍሬ ዝም አልሁ። ከማዕዳቸው እንደ ልጃቸው ቆርሰው ያበሉኝን እናታችንን እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን፤ አንተንም ያጽናህ። ይቅርታህን እየለመንሁ ዛሬ ብዕር ያስነሣኝን ነገር ልንገርህ፤ ይኸውም ባለፈው ግንቦት በደቡብ ፈረንሳይ፣ ካማርግ በሚባል የተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራ በብስክሌት ያደረግሁት የሦስት ቀን ጉዞ ነው።

ካማርግ የሮን ወንዝ ሥራ ነው። ወንዙ ከስዊዘርላንድ ተራሮች ተነሥቶ አርል የተባለችው ጥንታዊ ከተማ አጠገብ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል፤ ሁለቱ ክንዶቹ ሜዲትራኒያን ባሕርን እስኪያገኙ ድረስ በመካከላቸው ያቀፉት፣ በሺህ ዓመታት ደለል የተሠራው ዝቅተኛ ሜዳ ነው ካማርግ የሚባለው። በመካከሉ ቫካሬስ የተባለ ሰፊ ሐይቅ አለ፤ ሆኖም ጥልቀቱ ሁለት ሜትር አይሞላም። ሐይቁና ዙሪያው እ.ኤ.አ. ከ1927 ጀምሮ የተከለለ ሲሆን፣ በ1970 ደግሞ የሩዝ እርሻውን፣ የከብት ርቢውንና መንደሮቹን ጭምር ያቀፈ የክልል የተፈጥሮ ፓርክ ተቋቋመ። ኮረብታ ስለሌለበት ለብስክሌት እጅግ የተመቸ ነው፤ የዚህ አገር አቀበት ነፋሱ መሆኑን የተረዳሁት በሦስተኛው ቀን ነው።

በመጀመሪያው ቀን ብስክሌቴን በባቡር ጭኜ አርል ከወረድሁ በኋላ፣ በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳር በሚያልፈው ጠባብ አስፋልት ወደ ደቡብ አመራሁ። የሩዝ መዝሪያ ወቅት ስለነበር ማሳዎቹ ሁሉ ከሮን በተሳበ ውኃ ተሞልተው ሰማዩን እንደ መስታወት ያሳያሉ፤ በመደቦቹ ላይ ነጫጭ ሳቢሳዎች ቆመው ነበር። ያ ውኃ የሚጠቅመው ለሩዙ ብቻ አይደለም። መሬቱ ከሥሩ ጨዋማ ስለሆነ፣ የወንዙ ውኃ ጨዉን ወደ ታች ካላጠበው በስተቀር በበጋው ፀሐይ ወደ ላይ ወጥቶ አፈሩን ያነጣዋል። ጥብቅ ሥፍራ ሲባል የሰው እጅ ያልነካው ዱር ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ እዚህ ግን ቦዩን የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው ባይኖር ኖሮ ዛሬ የምናየው ካማርግ ሌላ መልክ እንደሚኖረው ተማርሁ።

ከቀትር በኋላ ላ ካፔሊየር ከተባለው የጥብቅ ሥፍራው ማዕከል ደረስሁ። ብስክሌቴን አሥሬ፣ በእግር ብቻ በሚኬድበት መንገድ በሸምበቆ መካከል ሄጄ ከአንድ የእንጨት መመልከቻ ቤት ገባሁና በጠባቡ መስኮት ወደ ውኃው አየሁ። ፍላሚንጎዎች ነበሩ። ጭንቅላታቸውን ገልብጠው፣ ምንቃራቸውን ውኃ ውስጥ ነክረው ጭቃውን በእግራቸው እየረገጡ ይመገባሉ። ውኃውን በምንቃራቸው ስበው ሲተፉት በውስጡ ያሉት ጥቃቅን እንስሳት ተጣርተው ይቀራሉ፤ ሮዝ ቀለማቸውም የሚመጣው ከዚሁ ምግብ ነው። አንዷ ክንፏን ስትዘረጋ ውስጡ እንደ እሳት ቀይ ሆኖ ጫፉ የጠቆረ ነበር። ያን ጊዜ ልቤ አርሲ ነጌሌ ነበር፤ ልክ እንደዚያ ቀን።

ታስታውሳለህ? አንዲቷን የኪራይ ብስክሌት ለሁለት ይዘን፣ አንተ እየነዳህ እኔ ከኋላ ተቀምጬ፣ በአቧራው መንገድ እየተቀያየርን አብጃታ ሐይቅ ድረስ ሄድን። የሐይቁ ዳር በርቀት ሮዝ ቀሚስ የተነጠፈበት መስሎ ነበር፤ ስንጠጋ ተነሥቶ በረረ። የአብጃታዎቹ አብዛኞቹ ትንሹ የፍላሚንጎ ዓይነት መሆናቸውን፣ እነርሱም በዓይን የማይታዩ የውኃ አልጌዎችን እንደሚመገቡ ያወቅሁት ገና አሁን ነው። ያን ቀን ብስክሌቷን ካቆምንበት ግራር እስከ ውኃው ድረስ በእርምጃ ቆጥረን፣ አንተ 210 ስትል እኔ 214 ብዬ እስከ ማታ ተከራከርን። በዚያች የእንጨት ቤት ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ይህን ሳስታውስ፣ ለሰባት ዓመት ያጣሁት ቃል ራሱ መጣልኝ።

ሌሊቱን ከዚያ በስተደቡብ ካለ ማረፊያ አደርሁ። ስለ ትንኙ ብዙ አልልህም፤ ጀንበር ስትጠልቅ ውጭ መቆም አይቻልም።

በማግስቱ ጋሾል የተባለውን የባሕር መብራት ቤት አልፌ፣ በ1859 በተሠራው የባሕር ግድብ ላይ ወደ ምዕራብ ተጓዝሁ። መኪና አይገባበትም፤ እግረኛና ብስክሌት ብቻ ነው። በግራህ ሜዲትራኒያን፣ በቀኝህ የጨው ሐይቆች፣ በመካከል ደግሞ አንተና ጠጠሩ ብቻ ናችሁ። ነፋስ አሸዋ ባከማቸበት ሁሉ እየወረድሁ ብስክሌቴን ገፋሁ፤ አንድ ጊዜም የኋላ ጎማዬ ተነፈሰና ግድቡ ላይ ተቀምጬ ስለጥፍ አንድ ሰዓት ያህል ቆየሁ። ግን አልተቆጨሁም፤ ፍላሚንጎዎች በሰልፍ ሆነው ከራሴ በላይ ሲያልፉ የክንፋቸውን ድምፅ የሰማሁት እዚያው ተቀምጬ ነው።

ስለ እነዚህ ወፎች አንድ ነገር ልንገርህ፤ ከጉዞው ሁሉ በልቤ የቀረው እርሱ ነውና። ፍላሚንጎ ጎጆውን የሚሠራው አዳኝ አውሬ በማይደርስበት ደሴት ላይ ነው። በካማርግ እንዲህ ያለ ደሴት እየጠፋ ሲሄድ ለዓመታት መራባት አቆሙ። ስለዚህ ስዊዘርላንዳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሉክ ሆፍማን በ1954 የመሠረተው ቱር ዱ ቫላ የተባለው የእርጥብ መሬቶች የምርምር ተቋም፣ ከመብራት ቤቱ በስተምሥራቅ ባለው ፋንጋሲዬ በተባለው የጨው ሐይቅ ውስጥ በ1970 የጭቃ ደሴት ሠራላቸው። ወፎቹ ወዲያው አልመጡም፤ እንቁላል መጣል የጀመሩት በ1974 ነው። ከ1977 ጀምሮም ጫጩቶቹ ከመብረራቸው በፊት ተይዘው እግራቸው ላይ ከሩቅ የሚነበብ ቀለበት ይደረግላቸዋል፤ በዚህም እስፔን፣ ሰርዲኒያና ቱኒዝያ ድረስ እንደሚሄዱ ታውቋል።

ነገር ግን ያ ሐይቅ ጨው ለማምረት በፓምፕ ውኃ የሚሞላ ነበር። ከ2008 ጀምሮ የፈረንሳይ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ተቋም ሰፊውን የጨው ማምረቻ ከባለቤቱ ኩባንያ ገዛና፣ ፓምፑም ቆመ፤ ከባሕሩ ፊት ለፊት ያለውን የውጭ ግድብ ማዕበል ሲያፈርሰውም መልሶ ላለመጠገን ተወሰነ። ባሕሩ ወደ ውስጥ ገባ፤ ውኃው እንደ ጥንቱ ወዲያና ወዲህ መመላለስ ጀመረ፤ የተሠራው ደሴትም ለጎጆ አልሆነም። ፍላሚንጎዎቹ ትተውት በስተምዕራብ ወዳለው ወደ ኤግ ሞርት የጨው ማምረቻ ተሻገሩ። በጨው ሥራ ያደጉት የአካባቢው ሰዎች ብዙዎቹ በውሳኔው ያዝናሉ፤ አባቶቻቸው የጠበቁት መሬት ለባሕር የተተወ መስሎ ይታያቸዋልና። ሐዘናቸው ትክክለኛ ነው እላለሁ። ሆኖም የባሕሩ ወለል ከፍ እያለ በሚሄድበት ዘመን ድንጋይን በድንጋይ ላይ እየቆለሉ ከመኖር ይልቅ፣ ረግረጉና የአሸዋው ክምር ማዕበሉን ተቀብለው እንዲያደክሙት ማድረግ የሚሻል ይመስለኛል። ግድቡ ላይ ቆሜ የፈረሰውን ሳይ መጀመሪያ ልቤ አዘነ፤ ቀርቤ ስመለከት ግን በተተወው የጨው መደብ ላይ ሳሊኮርን የሚባለው ጨው ወዳድ ተክል አረንጓዴ ሆኖ ወጥቶ አየሁ።

በዚያው ምሽት ሴንት ማሪ ደ ላ ሜር ከተባለችው የባሕር ዳር ከተማ ገባሁ። እንደ ምሽግ በተሠራው ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ሣራ የምትባል የጥቁር ሴት ምስል አለች፤ ሮማ (ጂፕሲ) የሚባሉት ሕዝቦች ጠባቂያችን ብለው ያከብሯታል፤ በየዓመቱ ሜይ 24 ቀንም በፈረሰኞች ታጅባ እስከ ባሕሩ ድረስ ትሸኛለች። ብዙ ልብስ ደራርበውላት ነበር። ጧፍ አብርቼ ለእናትህ ጸለይሁ።

በሦስተኛው ቀን ወደ አርል የሚመልሰው መንገድ 38 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር፤ ነገር ግን ሚስትራል የሚሉት የሰሜን ነፋስ በሮን ሸለቆ ወርዶ ፊት ለፊት ስለገጠመኝ አምስት ሰዓት ፈጀብኝ። የእረኞቹ የድሮ ቤቶች ለምን እንደዚያ እንደተሠሩ የገባኝ ያኔ ነው፦ ክዳናቸው እንደ እኛ ሳር ቤት ሆኖ በሸምበቆ የተከደነ ነው፤ በነፋሱ በኩል ያለው ጀርባቸው ክብ ሲሆን በራቸው በተቃራኒው ነው። ከአንዱ ቤት ጀርባ ተጠግቼ ዳቦዬን በላሁ፤ ነጫጭ ፈረሶችም እንደ እኔው ጀርባቸውን ለነፋሱ ሰጥተው ቆመው ነበር።

አሁን ልለምንህ። አብጃታ ውኃው ለመስኖና ለሶዳ አሽ ማምረቻ እየተሳበ ዳሩ እጅግ እንደሸሸ አንብቤአለሁ፤ ዓይኔ ግን አላየውም። አንተ ቅርብ ነህ። አንድ እሑድ ልጆችህን ይዘህ ውረድ፤ ያ ግራር ካለ ከሥሩ ተነሥተህ እስከ ውኃው ድረስ ቁጠርና ስንት እርምጃ እንደሆነ ጻፍልኝ። በዚህ ጊዜ ያልኸውን ቁጥር እቀበላለሁ።

ናፋቂ ወንድምህ