የመግል ናሙና ውጤት ቀናት አይፍጅ
ይድረስ ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ ኃላፊዎች፣

በሰሜን ሸዋ የምሠራ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። የምጽፍላችሁ በባክቴሪያ መርዝ ስለሚመጣው ቶክሲክ ሾክ ሲንድረም ስለተባለ ሕመም ነው። ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፤ ካጋጠመ ግን ፋታ አይሰጥም። ጠዋት ትኩሳት የጀመራት አራስ ማታ የደም ግፊቷ ወርዶ ኩላሊቷ ሊደክም ይችላል።

መነሻው ስታፍ ወይም ስትሬፕ የተባሉት ባክቴሪያዎች የሚለቁት መርዝ ነው። በፈረንጆቹ 1980 አሜሪካ ውስጥ በወር አበባ ጊዜ ወደ ውስጥ ከሚገባው መምጠጫ (ታምፖን) ጋር ተያይዞ ስሙ ገነነ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የወሊድ ቁስል፣ የቀዶ ጥገና ስፌትና ቃጠሎ ነው።

ሸዋ ሮቢትን በመሰለ ቆላ ትኩሳት ያለበት ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ወባ ይመረመራል። ተገቢ ነው። ወባ ከሌለ ታይፎይድ ይጠረጠራል። ቁስሉን ገልጦ መግል የሚወስድ ግን ጥቂት ነው። ቢወሰድም ባክቴሪያውን የማብቀል ምርመራ (ካልቸር) ወደሚሠራበት መላክ አለበት። ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን ያለውን መንገድ ታውቁታላችሁ። ባክቴሪያው በቅሎ እስኪለይ ደግሞ ሁለት ሦስት ቀን ይሄዳል። በስታፍ የመጣ ከሆነ የደም ካልቸር አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያሳይም። ስለዚህ የቁስሉ ናሙና ወሳኝ ነው።

ሌላም አለ። የሕክምና መጽሐፉ ፀሐይ ያቃጠለው የመሰለ የቆዳ መቅላት ፈልጉ ይላል። በእኛ የቆዳ ቀለም ላይ መቅላቱ በቀላሉ አይታይም። ቆዳው የሚላጠው ደግሞ ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ያኔ ምን ይጠቅማል?

ሐኪሙ ውጤት ሳይጠብቅ ሕክምና መጀመር አለበት። ያም ሆኖ በሰዓታት ውስጥ ፍንጭ ቢያገኝ፣ መርዙ እንዳይመረት የሚያግዘውን ክሊንዳማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ለመጨመር፣ ቁስሉን ለማስጠረግና ሪፈር ለመጻፍ አያመነታም።

ባክቴሪያውን ቀለም ቀብቶ የሚያሳየው የግራም ስቴይን ምርመራ ከማይክሮስኮፕና ከቀለም ብዙም የሚያልፍ ነገር አይፈልግም። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ቀለሙ አይቋረጥብን፤ ሌሊት የሚያነብ ተረኛም ይኑር። ለቲቢ የምንጠቀምበት ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ ስታፍን ከቁስል ናሙና በአንድ ሰዓት ገደማ የሚለይ ካርትሪጅ አለው። መርዙን አያሳይም፤ ስታፍ መኖሩንና መድኃኒት የተላመደ መሆኑን ግን ይናገራል። ዋጋው ቀላል አይደለም። ስለዚህ ቁስል ኖሮበት ትኩሳትና የደም ግፊት መውረድ ለገጠመው ሕመምተኛ ብቻ ይቀመጥ።

በመጪው የላቦራቶሪ ግዢ ዝርዝር ውስጥ ይህ ካርትሪጅና የግራም ቀለም ለሰሜን ሸዋ ሆስፒታሎች እንዲካተቱ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር