ይድረስ ለሸዋ ሮቢቱ ወንድሜ፣ ስለዚያች የኮምፒውተር ግራፊክስ ካርድ

እንደምን ሰነበትክ? ከረምክ ብል ይሻላል መሰለኝ፣ ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው እኮ። እኔ ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ደብረ ብርሃንም ያው ናት፣ ብርዷ ፍንክች አላለም፤ ይህን የምጽፍልህ ጋቢዬን ተከናንቤ ነው። እማማ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸውን ተሻላቸው?

ዝም ያልኩህ ተቀይሜህ እንዳይመስልህ። አፍሬ ነው። ትዝ ይልሃል፣ ለሰርግ ቪዲዮ ሥራዬ ግራፊክስ ካርድ ልገዛ አዲስ አበባ ሄጄ ስደውልልህ "750 ቲአይ የምትባለውን ካርድ ካገኘህ እሷን ያዝ፣ ሜሞሪዋ 2 ጊጋ ነው ብለህ አትናቃት" አልከኝ። ባለሱቁ ግን 4 ጊጋ ያላት ጂቲ 730 ከነካርቶኗ አውጥቶ ሲያሳየኝ ልቤ ቀለጠ። ያንተዋ ያገለገለች፣ ይቺ አዲስ። ደግሞ 4 ከ2 እንደሚበልጥ ለማወቅ መማር አያስፈልግም ብዬ ገዛኋት። ማታ ስትደውል ምን እንደምትጠይቀኝ ስለማውቅ ስልኩን አላነሳሁም። በማግስቱም አላነሳሁም። ከዚያ ሳምንት ሆነ፣ ከዚያ ወር፣ ከዚያማ ምን ብዬ ልጀምር?

ቤት ገብቼ ሰካኋት። ፊልም ታሳያለች፣ ዊንዶውሱም ምንም አይልም። የእህቴ ልጅ ፔስ 2017ን በሙሉ ኤችዲ ሲከፍትባት ግን ተጫዋቹ ይመታል፣ ኳሱ አስቦበት ነው የሚሄደው። ኮምፒውተሩ ካርዷን የሚያዝበትን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ ቀየርኩ። ፎርማት አደረግኩ። ራም ጨመርኩ። መብራቱ ይሆናል ብዬ ስታቢላይዘር ሁሉ ገዝቻለሁ፣ አትሳቅ።

ቆይቶ ነው ጂፒዩ-ዚ የምትባለውን ትንሽ ፕሮግራም የከፈትኩት። እዚያ ላይ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል፤ ሜሞሪዋ ዘገምተኛው ዲዲአር3፣ ባሷ (የመንገዷ ስፋት) 64 ቢት፣ ባንድዊድዟ (ሜሞሪው የሚያሳልፈው) በሰከንድ 14.4 ጊጋባይት። 750 ቲአይ ፈጣኑ ጂዲዲአር5 ናት፣ 128 ቢት፣ 86.4 ጊጋባይት። ስድስት እጥፍ! 4 ጊጋው ጎተራ ነው እንጂ መንገድ አይደለም። ጎተራው ቢሰፋ እህሉ የሚወጣው በጣርማ በር ዋሻ ከሆነ ምን ዋጋ አለው? አንተ ወደ እኛ ስትወጣ የምታልፍበት ነው፣ ከፊትህ አንድ ተሳቢ ከገባ ከኋላ ያለው ሁሉ በእሱ እርምጃ ነው የሚሄደው።

የሚያናድደው ደግሞ ጂቲ 730 የሚባለው አንድ ካርድ አለመሆኑ ነው። በፈረንጆች 2014 ሲወጣ በአንድ ስም ሦስት ዓይነት ነበር። አንዱ 96 ኮር (ትንንሽ ማስሊያ) ያለው፣ ፌርሚ የሚባለው የድሮው የቺፕ ትውልድ ነው፣ 128 ቢት። ሁለቱ ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ትውልድ፣ 384 ኮር ያላቸው ኬፕለሮች ናቸው፣ ሁለቱም 64 ቢት፤ ግን አንዱ ዲዲአር3 ሌላው ጂዲዲአር5 ነው፣ የጂዲዲአር5ቱ ባንድዊድዝ 40 ጊጋባይት ይደርሳል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ግን ጊጋው ብቻ ነው። ባለሱቁን አልወቅሰውም ልበል? እወቅሰዋለሁ እንጂ፣ "የቱ ነው?" ስለው "ያው 730 ነው" ነው ያለኝ።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ ትስቃለህ። ጠረጴዛ ሥር አቧራ የጠጣች 8800 ጂቲ ነበረችኝ፣ የ2007ቷ። እልህ ይዞኝ ሌላ ማሽን ላይ ሰክቼ ሞከርኳት። የቆየች የመኪና ጌም ላይ ከ730ዋ እኩል ሄደች፣ አንዳንዴም ቀደመቻት። በሰባት ዓመት የምትበልጣት አሮጊት! በወረቀት 730ዋ 384 ኮር አላት፣ አሮጊቷ 112 ብቻ፤ በስሌት ኃይልም 730ዋ ትበልጣለች። ግን አሮጊቷ 256 ቢት ናት፣ 57.6 ጊጋባይት ታሳልፋለች፣ ልክ አራት እጥፍ። ሆኖም እሷን ያዝ አልልህም። ጌም ከካርድ ጋር የሚነጋገርበት ዳይሬክትኤክስ 10 ላይ ነው የቆመችው፣ አዲስ ጌም አትከፍትም፣ 105 ዋት ትበላለች፣ ድምጿም እንደ ወፍጮ ቤት ነው።

በመጨረሻ 750 ቲአይ አገኘሁ፣ ያገለገለች። ፋኗ ስለሚንጫጫ ፈታኋት። አራቱን ብሎን ፈትቼ ሙቀት የሚያወጣውን ብረት፣ ሂትሲንኩን፣ ሳነሳው ሙቀቱን ከቺፑ የሚያሻግረው ፔስት እንደ ደረቀ ሊጥ ተሰነጣጥቆ ቺፑ ላይ ተጣብቋል። በአልኮልና በጥጥ አጸዳሁት፣ የምስር ፍሬ የምታክል አዲስ ፔስት አደረግኩላት፣ ክንፎቹ መሃል የገባውን አቧራ በቀለም ብሩሽ አወጣሁት። ከዚያ በኋላ ቪዲዮ ስታወጣም 60 ዲግሪ አካባቢ ነው የምትቆየው። ብርዳችን ነው እንዳልል ደግሞ እዚህ ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ፋኑ ቢዞርም የሚገፋው አየር ያንሳል። ብርዱ ግን ይክሳል።

ከሁሉ የወደድኩት ግን የመብራት ነገር ነው። የኔ ኮምፒውተር ከቢሮ የወጣ ስለሆነ ፓወሩ (መብራት የሚያከፋፍለው ሳጥን) 240 ዋት ነው፣ ለካርድ የሚሰካ ባለስድስት ፒን ገመድም የለውም። ይቺ 60 ዋት ብቻ ነው የምትፈልገው፣ የምትሰካበት ስሎት ራሱ 75 ይሰጣል። እንደ ጂቲኤክስ 460 ያለች ባለ160 ዋት ብገዛ ፓወርም መግዛቴ ነበር።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ያቺ ራዲዮን 5770 ካርድህ አሁንም አለች? ድሮ "800 ፕሮሰሰር አላት፣ 750 ቲአይ 640 ነው ያላት" ብዬ እከራከርህ ነበር። በስሌት ኃይል እውነትም የ5770ዋ ይበልጣል፣ 1.36 ቴራፍሎፕ (በሰከንድ ትሪሊዮን ስሌት) ነው፣ የ750ዋ 1.3። ግን የሷ ፕሮሰሰሮች አምስት አምስት ሆነው ነው የሚጠመዱት፤ ለአምስቱም የሚሆን ሥራ ካልተገኘ፣ ደቦ ተጠርቶ ሁለቱ ማጭድ ይዘው ቆመው እንደሚያዩት ማለት ነው። ስለዚህ ጌም ላይ 750ዋ ትቀድማታለች፣ ያውም ያንተዋ 108 ዋት እየበላች። በሸዋ ሮቢት ሙቀት ደግሞ አስበው፣ ክፍሉ ራሱ ከሰዓት ምድጃ ነው።

እንዳልደብቅህ 750ዋም ጊዜዋ እየሄደ ነው። አምራቹ ኤንቪዲያ አዲስ ጌም የሚከተል ድራይቨር የሷ ትውልድ ለሆኑት ማክስዌል ካርዶች በ2025 አቁሟል። ለ730ዋ ቢጤ ኬፕለሮች ከ2021 ጀምሮ ቀርቷል። ለኔ ሥራ ግድ የለኝም፣ ሰርጉ ያው ሰርግ ነው፣ ሙሽራዋ አዲስ ድራይቨር አትጠይቀኝም።

ቅዳሜ ሳይሆን የሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ እናንተ እወርዳለሁ፣ ሰርግ አለ። ፔስትና ብሩሽ እይዛለሁ፣ ያንተዋን ፈተን እናያታለን። ለእማማ ባና ገዝቼላቸዋለሁ፣ በዚያ ሙቀት ምን ያደርጉበታል ካልክ እግራቸው ሥር ያንጥፉት። አንተ ማሾ አስቀምጥልኝ፣ የእናንተውን፣ የገበያውን አይደለም።

730ዋን ደግሞ ምን ላድርጋት? ለእህቴ ልጅ ብሰጠው "ኳሱ የሚዘገየው ካርድ" ብሎ መለሰልኝ።

ደውልልኝ። ስልኬ ያው የድሮው ነው፣ አሁን አነሳለሁ።

ያንተው ከደብረ ብርሃን