እማዬ፣ መድኃኒትሽን ከምግብ በፊት ውሰጂው

ውድ እማዬ፣

እንደምን አለሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ቃሩ ሌሊት ሌሊት እንደገና እያስነሳሽ መሆኑን እህቴ ነገረችኝ። ለእኔማ «ደህና ነኝ» ነው የምትዪኝ። የቃሩን መድኃኒት፣ ኦሜፕራዞሉን፣ መቼ ነው የምትወስደው ብላት «እራቷን በልታ ልትተኛ ስትል» አለችኝ። በስልክ ብነግርሽ «እሺ» ብለሽ ታልፊኛለሽ። ስለዚህ ጻፍኩት፤ እሷ ታንብብልሽ።

መድኃኒቱ የሚወሰደው ጠዋት ነው፤ ቁርስ ከመብላትሽ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ቀደም ብሎ። ጨጓራችን ውስጥ አሲድ የሚያመነጩ ጥቃቅን ፓምፖች አሉ። ሆዳችን ባዶ ሲሆን አብዛኞቹ ያርፋሉ፣ ምግብ ሲገባ ይነሳሉ። መድኃኒቱ የሚዘጋው ሥራ ላይ ያሉትን ነው። ደም ውስጥ የሚቆየው ደግሞ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ ከምግቡ ቀድሞ መድረስ አለበት። አንዴ ከዘጋቸው ቀኑን ሙሉ ያሳርፍሻል። ከእራት በኋላ ከዋጥሽው ግን አብዛኛው ጉልበቱ ሳይሠራበት ያልፋል።

አሁን ፍልሰታ ደርሳለች፣ ያሳሰበኝም እሱ ነው። አትጹሚ አልልሽም። ግን ማለዳ 12 ሰዓት ውጠሽው እስከ 9 ሰዓት ምግብ ካልቀመስሽ ብዙም አይጠቅምሽም። ከቅዳሴ ተመልሰሽ ቤት እንደገባሽ በውሃ ዋጪው። ነጠላሽን አጥፈሽ፣ ሽሮው እስኪሞቅና እንጀራው እስኪቀርብ ግማሽ ሰዓቱ ይሞላል። ቡናው ከምግቡ በኋላ ይሁን፣ እባክሽ በባዶ ሆድ አይሁን።

ካፕሱሉን አታኝኪው። ውስጡ ያሉት ፍሬዎች ጨጓራ ውስጥ እንዳይበላሹ ተሸፍነው የተሠሩ ናቸው። በአንድ ቀን ለውጥ ካላየሽም ተስፋ አትቁረጪ፤ ሙሉ ኃይሉን ለማሳየት እስከ 4 ቀን ሊፈጅበት ይችላል።

ነጩ የጨጓራ ሽሮፕ ሌላ ነው። እሱ ያለውን አሲድ ነው የሚያበርደው፤ ከምግብ በኋላ ወይም ማታ ቃር ሲነሳብሽ ውሰጂው። ከሌሎች መድኃኒቶችሽ ግን 2 ሰዓት ያህል አራርቂው።

እራትሽን 1 ሰዓት ላይ ብዪና ከ4 ሰዓት በፊት ጋደም አትበዪ። የአልጋሽን የራስጌ እግሮች ወንድሜ በእንጨት ከፍ ያድርጋቸው። ትራስ መደራረብ ሆድሽን ያጥፈዋል እንጂ ብዙ አይረዳም። ለጉልበትሽ ሕመም የምትገዢው ማስታገሻ፣ ዲክሎፌናክም፣ ጨጓራ ያቆስላል። ሐኪምሽ መውሰድሽን ሳያውቅ አትቀጥዪበት።

ምግብ ሲወርድ ደረትሽ ላይ ከያዘሽ፣ ሰገራሽ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ወይም ያለምክንያት ከከሳሽ፣ ጾሙ ይለፍ ሳትዪ ሐኪም ቤት ሂጂ። ካልሆነም በሚቀጥለው ቀጠሮሽ «መድኃኒቱን እስከ መቼ ልውሰድ?» ብለሽ ጠይቂ። ሲሻልሽ በራስሽ በድንገት አታቁሚው፤ አሲዱ ብሶ ሊመለስ ይችላል።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እደውልልሻለሁ። ዕድሜሽን ያርዝምልኝ።

ልጅሽ