ለትምህርት ሚኒስቴር፦ ማቆሚያው በመምህሩ እጅ ይሁን

ለተከበራችሁ የትምህርት ሚኒስቴር ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። በክረምት መርሐ ግብር በትምህርት ቴክኖሎጂ ማስተርሴን ተምሬ ጨርሻለሁ። እነዚያ ክረምቶች በጣም ለውጠውኛል። ያየሁትን ለራሴ ብቻ ይዤ መቀመጥ ስለከበደኝ ነው የምጽፍላችሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከ1997 ነው። ያኔ 9ኛ ክፍል ነበርኩ፤ ፕላዝማ፣ በቴሌቪዥን የሚሰጠው ትምህርት፣ የገባ ሰሞን። ደስታችን ልክ አልነበረውም። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፣ በእንግሊዝኛ ይሄዳል። ስክሪኑ ላይ ያለው አስተማሪ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቅና ‹‹ቬሪ ጉድ›› ብሎ ያልፋል። እኛ ገና ጥያቄውን እየገለበጥን ነን። መምህራችን ጥግ ይዘው ቆመው ያያሉ። ስርጭቱ ሲያልቅ በተረፈቻቸው ደቂቃ ሊያስረዱን ይጣደፋሉ፤ ወዲያው ደወል ይደወላል። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዚያን ቀን ትምህርት እርሱት ነው።

ፕላዝማ ምንም አልጠቀመም አልልም። ሴል ሲከፈል በዓይኔ ያየሁት በእሱ ነው። ባዮሎጂን የወደድኩትም በዚያ ምስል ነው። ያጣነው አንድ ነገር ነው፤ ‹‹ቆይ፣ አልገባንም›› ስንል የሚቆም አስተማሪ።

መምህርት ከሆንኩ በኋላ ይህን ረስቼው ነበር። መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለተማሪዎቼ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትኩ። የመጽሐፉን ገጾች ፎቶ እያነሳሁ መላክ ጀመርኩ። ግማሹ ክፍል እንኳ አልገባም። የገቡትም ‹‹እሺ ቲቸር›› ብለው ዝም። ያ ዝምታ ነው ማስተርስ ያስጀመረኝ።

በመጀመሪያው ክረምት አንድ የቤት ሥራ ተሰጠን፤ አንድ ምዕራፍ በዲጂታል አዘጋጁ። ሌሊቱን ሁሉ ስላይድ ስሠራ አደርኩ። ምስል አለው፣ ቀለም አለው፣ ሙዚቃ ሳይቀር አለው። አስተማሪያችን እስከ መጨረሻው ታግሠው አዩትና ‹‹ተማሪው በዚህ ሰዓት ምን እያደረገ ነው?›› አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እኔ የማደርገውን ብቻ ነበር ያቀድኩት።

በዚያው ክረምት የሪቻርድ ሜየርን ሥራ አነበብኩ። አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነው፤ ሰው በምስልና በድምፅ እንዴት እንደሚማር ለብዙ ዓመታት አጥንቷል። አእምሯችን በአንድ ጊዜ የሚይዘው ጥቂት ነው ይላል። ስለዚህ ትምህርቱ በትንንሽ ተከፋፍሎ ሲቀርብና ተማሪው ራሱ ‹‹ቀጥል›› ሲለው የበለጠ ይገባል። ይህን ሳነብ ጥግ ላይ የቆሙት መምህራችን ፊቴ ላይ ድቅን አሉ።

ወደ ክፍሌ ስመለስ በኦስሞሲስ ሞከርኩት። ኦስሞሲስ፣ ውሃ በሴል ስስ ሽፋን አልፎ ጨው ወይም ስኳር ወደበዛበት ወገን መሄዱ፣ በየዓመቱ ያታግለናል። ድንች ቆራርጠን ግማሹን በጨው ውሃ፣ ግማሹን በንጹሕ ውሃ ነከርን። በስልኬ የሁለት ደቂቃ ማብራሪያ በአማርኛ ቀድቼ ነበር። ሦስት ቦታ ላይ ‹‹እዚህ ጋ አቁሙና ድንቹን ንኩት›› እላለሁ። ከባልደረቦቼ አምስት ስልክ ለምኜ ለአምስት ቡድን አከፋፈልኩ። የዚያን ቀን ኢንተርኔት የለም፣ መብራትም የለም። አንዲት ክፍል ውስጥ ድምፅዋን ሰምቼ የማላውቅ ልጅ ሁለተኛው ማቆሚያ ላይ ድምፁን ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ መልሳ ሰማችው። ከጨው ውሃው ያወጣችውን ድንች በጣቷ አጥፋ ዘረጋችው። ከዚያ ‹‹ቲቸር፣ ውሃው ወጥቶበት ነው እንዴ የተልፈሰፈሰው?›› አለች። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ማብራሪያ ያነበበችው ከዚያ በኋላ ነው። ገባት።

አሁን አገሩ ሁሉ ስለ ዲጂታል ያወራል። ታብሌት፣ ስማርት ቦርድ፣ ኦንላይን። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ጀምሮ በከፊል በኦንላይን እየተሰጠ ነው። የ5 ሚሊዮን ኮደሮችን ሥልጠና የወሰዱ መምህራንም አሉ። ይህ ሁሉ ደስ ይለኛል። የምፈራው ስክሪኑ አዲስ ሆኖ መምህሩ እንደገና ጥግ እንዳይዝ ነው።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ። የምታዘጋጁት ቪዲዮ መምህሩ ሊያስቆመው፣ ሊቆርጠው፣ በራሱ ድምፅ ሊያብራራበት የሚችል ይሁን። ከሁሉ በፊት ደግሞ ያለ ኢንተርኔት ይሥራ። እንደ ኮሊብሪ ያሉ ነጻ ሶፍትዌሮች አሉ፤ አንድ ኮምፒውተር ላይ ከተጫኑ በክፍሉ ውስጥ ባለ ዋይፋይ ብቻ ተማሪው ጋ ይደርሳሉ። በፍላሽም ቢሆን ይላክልን፤ እናባዛዋለን።

ሌላው የቁልፍ ጉዳይ ነው። ትንሽ ነገር ሊመስላችሁ ይችላል። ለእኔ ግን ከኢንተርኔቱ ይብሳል። ባስተማርኩባቸው ትምህርት ቤቶች የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍ አንድ ሰው እጅ ነው። ኮምፒውተሮቹ አቧራ እንዳይነካቸው ተሸፍነው ይከርማሉ። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም። ንብረቱን በስሙ ፈርሞ ነው የተረከበው። አንዱ ቢሰበር ከደመወዙ ይቆረጥብኛል ብሎ ይሰጋል። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እቆልፋለሁ። ለትምህርት ሲውል የተበላሸ ዕቃ በመምህሩ ዕዳ እንዳይሆን በግልጽ የሚል መመሪያ አውጡልን። አንድ ገጽ ይበቃል። በዚያ አንድ ገጽ ብዙ የተዘጋ በር ይከፈታል።

የክረምት ትምህርቱም ቢታይ ጥሩ ነው። የተማርነውን የምንሞክርበት ክፍል በክረምት ባዶ ነው። ቢያንስ አንዱ የመመዘኛ ሥራ በመደበኛው ዓመት በገዛ ክፍላችን፣ ከራሳችን ተማሪዎች ጋር ይሠራ። ተሙማም (የመምህራን ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ) እንዲሁ። ፋይል ከማሳመር ይልቅ አንድ ትምህርት አዘጋጅቶ፣ ሞክሮ፣ የከሸፈውን ለባልደረባ ማሳየት ይቆጠርልን። ማስተርሱን ይዘን ስንመለስ ደመወዙ ይስተካከላል፤ እናመሰግናለን። ግን ‹‹የተማርሽውን ለሌሎቹ አሳዪ›› ብሎ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ የሚሰጠን ቢኖር ከደመወዙ እኩል ደስ ይለን ነበር።

እስካሁን 31 አጫጭር የድምፅ ትምህርቶች ቀድቻለሁ። ሁሉም አንድ ፍላሽ ላይ አሉ። ለሚፈልግ መምህር በነጻ እሰጣለሁ። ባለሙያ ልካችሁ ብታዩልን ደግሞ ማክሰኞ አራተኛ ክፍለ ጊዜ 9ኛ ክፍል ነኝ። ድንቹን እኛ እናመጣለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንዲት የባዮሎጂ መምህርት