ፖርታል ከመግባትሽ በፊት

ውድ ልጄ፣

ባለፈው እሑድ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ትተሽው የሄድሽውን የውል ወረቀት ከሌሊት ሥራ ስመለስ ሁለት ጊዜ ደጋግሜ አነበብሁት። በሰባት ዓመትሽ ከመኪና ማቆሚያው እስከ ቤታችን በር ድረስ ሮጠሽ ትቀድሚኝ የነበርሽ ልጅ ዛሬ ሌላ ዩኒቨርሲቲ በሩጫሽ ሲፈልግሽ በማየቴ ደስ ብሎኛል፤ ስምሽን ፖርታል ውስጥ፣ ማለትም ትምህርት ቤት መቀየር የሚፈልጉ ስፖርተኞች በሚመዘገቡበት የኢንተርኔት መዝገብ ውስጥ፣ ከማስገባትሽ በፊት ግን ያሳሰበኝን ሳልጽፍልሽ አልቀርም።

ትምህርት ቤት ቀይሮ ወዲያው የመወዳደር መብት በቀላሉ አልተገኘም። ለሁለተኛ ጊዜ ትምህርት ቤት የቀየረ ስፖርተኛ ልዩ ፈቃድ ካላገኘ በቀር አንድ ዓመት ሳይወዳደር እንዲቀመጥ የአሜሪካን የኮሌጅ ስፖርት የሚመራው ማኅበር ኤንሲኤኤ ያስገድድ ነበር። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ኦሃዮና ሌሎች ስድስት ግዛቶች ደንቡ የፀረ ሞኖፖል ሕግን ይጥሳል ብለው በዌስት ቨርጂኒያ ፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ ዳኛውም ሳምንት ሳይሞላ ደንቡን አገዱት። በኤፕሪል 2024 ማኅበሩ ራሱ ደንቡን ቀይሮ፣ የትምህርት መስፈርቱን ያሟላ ተማሪ የቱንም ያህል ጊዜ ቢዘዋወር ወዲያው እንዲወዳደር ፈቀደ።

ልጄ፣ «የትምህርት መስፈርቱን ያሟላ» የሚለውን ቃል አትዝለዪው። ሦስተኛ ዓመትሽን ስትጀምሪ ለዲግሪሽ ከሚያስፈልገው ትምህርት 40 በመቶውን፣ አራተኛውን ስትጀምሪ ደግሞ 60 በመቶውን ጨርሰሽ መገኘት አለብሽ፤ ይህም የሚሰላው በአዲሱ ትምህርት ቤት የዲግሪ መርሐ ግብር ነው። ክሬዲትሽን ተቀበሉ ብሎ ሬጅስትራሩን ያዘዘ ፍርድ ቤት የለም። እኔ እዚህ አገር እንደመጣሁ ከአንድ ኮሌጅ ወደ ሌላ ስዛወር «ሁሉም ይያዝልሃል» ያለኝን ሰው አምኜ ነበር፤ የተመዘገብሁ ዕለት ግን የሂሳብና የኬሚስትሪ ኮርሶቼ ከዲግሪው ጋር እንደማይቆጠሩ ነገሩኝ። የሁለት ሴሚስተር ልፋቴና ገንዘቤ ባከነ፤ ትምህርቱንም በዚያው አቋረጥሁት። በቃል ብቻ የተነገረሽን ነገር የምፈራው ለዚህ ነው።

የገንዘቡም ነገር እንደዚሁ ነው። በጁን 2025 ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን ያጸደቁት፣ ኤንሲኤኤ ከከሰሱት ስፖርተኞች ጋር ያደረገው ስምምነት ትምህርት ቤቶች ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ ፈቅዷል፤ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያም ለአንድ ትምህርት ቤት 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ነገር ግን ላለፉት ዓመታት እንዲከፈል ከተወሰነው 2.8 ቢሊዮን ዶላር ውስጥ አብዛኛው የአሜሪካ እግር ኳስና የወንዶች ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ድርሻ በመሆኑ፣ ሴት ስፖርተኞች የጾታ እኩልነት ሕጉ ተጥሷል ብለው ይግባኝ ጠየቁ። እኔ በዚህ ከእነርሱ ጋር ነኝ፤ በክረምት ብርድ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥታ የምትሮጥ ልጅ ልፋቷ ከማንም አያንስም። ይኸው ስምምነት በተቀበሉት ትምህርት ቤቶች የአገር አቋራጭ ሩጫ ቡድንን በ17 ሯጮች ወስኗል፤ ዛሬ የሚደውልልሽ አሰልጣኝ ከርሞ የተሻለ ሰዓት ያላት ልጅ ብታመጣ ቦታሽ ምን እንደሚሆን ጠይቂው።

ስምሽ ፖርታል ውስጥ ከገባ ደግሞ አሁን ያለሽበት ትምህርት ቤት ሴሚስተሩ ሲያልቅ ስኮላርሺፕሽን ሊያቋርጥብሽ ይችላል። ስለዚህ ስምሽን ከማስገባትሽ በፊት፣ ትራንስክሪፕትሽ ተገምግሞ የትኞቹ ኮርሶች ለባዮሎጂ ዲግሪሽ እንደሚያዙልሽ ከአሰልጣኙ ሳይሆን ከአዲሱ ትምህርት ቤት ሬጅስትራር በጽሑፍ እንዲሰጥሽ አሁን ባለሽበት ትምህርት ቤት የስፖርት ክፍል በኩል ጠይቂ። የውሉን አራተኛ ገጽም በእርሳስ አስምሬበታለሁ፤ ወኪሉ ከክፍያሽ ስንት እንደሚወስድ የሚናገረው አንቀጽ ግልጽ ስላልሆነልኝ ጠበቃ ሳያየው እንዳትፈርሚ።

ቅዳሜ ሥራ የለኝም። ትራንስክሪፕትሽን አዘጋጂና ጠብቂኝ፤ ጠዋት መጥቼ እወስድሻለሁ፣ ከእናትሽ ጋር ሆነን ኮርስ በኮርስ እናየዋለን።

አባትሽ