የደን ጥበቃ ክፍያው ለማን ይድረስ?

ክቡር አዘጋጅ፣

ደናቸውን ለሚጠብቁ ማኅበረሰቦች ስለሚከፈለው ገንዘብ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ክፍያው ምንጣሮን ይቀንሳል በሚሉና ሕዝብን ተመጽዋች ያደርጋል በሚሉ ወገኖች መካከል ተወስኖ ይቀራል። በእኔ እምነት ሁለቱም ወገኖች አንድ ቀዳሚ ጥያቄ ዘለዋል፤ ይኸውም ክፍያው ሲጀመር ከደኑ እጁን የሚሰበስበው ማን ነው፣ ገንዘቡ የሚደርሰውስ ለዚያው ሰው ነው ወይ የሚለው ነው።

ክፍያ ውጤት ሊያመጣ እንደሚችል የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ መኖሩን አልክድም። በ121 የምዕራብ ኡጋንዳ መንደሮች ተካሂዶ በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ በዕጣ በተለዩ 60 መንደሮች የሚኖሩ ባለ ደን ገበሬዎች ዛፍ ካልቆረጡ ለአንድ ሄክታር በዓመት 70,000 የኡጋንዳ ሽልንግ እንደሚያገኙ ተነገራቸው። በሁለት ዓመት ውስጥ ክፍያው ባልደረሰባቸው መንደሮች የዛፍ ሽፋኑ በ9.1 በመቶ ሲመናመን፣ በደረሰባቸው ግን የቀነሰው በ4.2 በመቶ ነው፤ ቆረጣው ወደ አጎራባች ደን ስለመዛወሩም ምልክት አልተገኘም። እኔን ከቁጥሩ ይበልጥ የሳበኝ ውሉ ነው፤ ምክንያቱም የወደቀ እንጨት ለማገዶ መልቀምን የፈቀደ ከመሆኑም በላይ፣ ድንገተኛ ችግር ለገጠመው ገበሬ ከደረሱት ዛፎች የተወሰኑትን እንዲቆርጥ መንገድ ትቶለታል። ከምድጃ ጋር የሚጣላ የጥበቃ ውል ዕድሜ እንደማይኖረው አዘጋጆቹ ሳይገባቸው አልቀረም። እንዲያም ሆኖ ከባለ ደኖቹ የተመዘገቡት ሲሶ ያህሉ ብቻ ሲሆኑ፣ ካልገቡት መካከል ነገሩ መሬታችንን ለመንጠቅ የታሰበ ነው ብለው የሰጉ ነበሩ።

በዚያ ጥናት ግን ዛፉን የሚቆርጠውና ገንዘቡን የሚቀበለው አንድ ሰው ነበር። የወል ደን ላይ ሲመጣ ነገሩ ይወሳሰባል፤ በአንድ ደን ውስጥ አንዷ ጭራሮ ትለቅማለች፣ ሌላው ከብት ያሰማራል፣ ሌላው ከሰል ያከስላል፣ ሌላው ደግሞ ቀፎ ይሰቅላል፤ ክፍያው ግን በሄክታር ተሰልቶ በመሬት ባለመብቶች ስም ይገባል። በ2003 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የሜክሲኮ የክፍያ ፕሮግራም ከተጠቃሚዎቹ ብዙዎቹ የወል መሬት ያላቸው ማኅበረሰቦች ሲሆኑ፣ በገንዘቡ አጠቃቀም ላይ የሚወስነው የአባላት ጉባኤ ነው። እዚያው መንደር እየኖሩ የመሬት መብት የሌላቸው ሰዎች በዚያ ጉባኤ ድምፅ የላቸውም፤ ነገር ግን ከደኑ በሚለቀም እንጨት ላይ ይበልጥ የሚተማመኑት ብዙ ጊዜ እንደነዚህ ያሉት ድሆች ናቸው። ማገዶዋ የቀረባት ሴት ከክፍያው ድርሻ ከሌላት የምትሄደው ውል ወዳልተፈረመበት ደን ነው፤ ያኔ በሪፖርቱ ላይ የዳነ ተብሎ የሚመዘገበው ዛፍ በሌላ ቦታ ተቆርጧል ማለት ነው።

ገንዘቡ ምንጣሮ ወደማያሰጋው ቦታ የሚሄድበትም ጊዜ አለ። ኮስታ ሪካ በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የደን ሕግ ደንን ወደ ሌላ አገልግሎት መለወጥን ከለከለች፤ ክፍያውንም በነዳጅ ላይ ከተጣለ ግብር ማግኘት ጀመረች። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የመረመሩ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ከተከፈለበት መሬት አብዛኛው ሳይከፈልበትም የማይመነጠር ነበር። ገደላማና ከመንገድ የራቀ ደን ያለው ሰው ለመመዝገብ መሽቀዳደሙ አያስደንቅም፤ የሚያጣው ነገር የለምና።

ስለዚህ ውል ከመፈረሙ በፊት ማን ከደኑ ምን እንደሚወስድ፣ በየትኛው ወቅትና ለምን ያህል ቤተሰብ እንደሚሆን በዝርዝር እንዲመዘገብ፣ ክፍያውም በሄክታር ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ በሚያጣው ጥቅም ልክ እንዲከፋፈል ሐሳብ አቀርባለሁ። ለማገዶ ለቃሚዎች ከጥሬ ገንዘቡ ይልቅ ለለቀማ የሚተው የደን ክፍል ወይም እንጨት ቆጣቢ ምድጃ የሚሻልበት ሁኔታ ይኖራል፤ ይህንንም መወሰን ያለባቸው እነሱ ናቸው። ዝርዝሩ ከክፍያው መዝገብ ጎን ለጎን በመንደሩ ቢለጠፍ፣ ማን ተጠቅሞ ማን እንደተጎዳ ነዋሪው ራሱ ማየት ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣው አንባቢ