ጠበሉን በሲኒ

አባዬ፣ እንዴት ሰነበትክ? እኔ አዳማ በሰላም ገብቻለሁ። ከሻሸመኔ እስከ ዝዋይ ዝናቡ አላባራም፤ ሹፌሩ እየተንፏቀቀ ነው የነዳው። ያን ሁሉ ሰዓት ሐዋሳ ሳለሁ ያልነገርኩህን ስደረድር መጣሁ። ፊት ለፊት ልናገር ስል አንተ ዳዊትህን ታነሳለህ፣ እኔም አፌን እይዛለሁ። ስለዚህ ጻፍኩት። መነጽርህን አድርግና እስከ መጨረሻው አንብብልኝ።

የገብርኤል ለት ሌሊት የሆነው ከዓይኔ አልጠፋም። ሐምሌ 19 ማልደህ አስቀድሰህ፣ ያንን ባለ 5 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ጠበል ሞልተህ መጣህ። በዓል ነው፣ ደስ ብሎሃል፣ ማን ይናገርሃል? ማታ ጀሪካኑን ሳነሳው ከግማሽ ጎድሏል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አልጋህ ላይ ቁጭ ብለህ አገኘሁህ። ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥርሃል። ደረትህ ውስጥ እንደ ጀበና የሚንተከተክ ነገር ይሰማል። «ምንም አይደል፣ ሂጂ ተኚ» አልከኝ። እንዴት ብዬ ነው የምተኛው?

በማግስቱ የኩላሊት እጥበት ቦታ ሚዛን ላይ ስትወጣ 4 ኪሎ ተኩል ጨምረሃል። ያ ሁሉ ውሃ ነው፣ አባዬ። 1 ሊትር ማለት 1 ኪሎ ነው። ኩላሊትህ ስለማያስወጣው ሄዶ ሳንባህ ላይ ይተኛል። ሐኪሙ ሻዩም ሾርባውም ተቆጥሮ በቀን ከ1 ሊትር አትለፍ ያለህ ለዚህ ነው። አንተ ደግሞ ነርሷን «ጠበል አይቆጠርም» አልካት። ሳቀች። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ጠበልነቱን ማን ይክዳል? ሚዛኑ ግን ሁሉንም አንድ ላይ ነው የቆጠረው።

ይኸውልህ፣ አንተው ያስተማርከኝን ልመልስልህ። ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት ታመመ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ፣ 15 ዓመት ተጨመረለት። ማታ ማታ ስትተርክልን ግን እዚያ ላይ አላቆምክም። ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው እብጠቱ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ ብለኸን ነበር። ጸሎቱ ተሰምቶም መድኃኒቱ አልቀረም። ይሄ ኢሳይያስ 38 ነው። መጽሐፈ ሲራክ ደግሞ ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። እሱም ምዕራፍ 38 ነው! ይሄን ያስተዋልኩት ባለፈው ሳምንት ነው። አጋጣሚ ነው ብዬ አልፌው ነበር፤ አንተ ግን አጋጣሚ እንደማትለው አውቃለሁ።

ሊጠይቁህ ከመጡት አንዱ «እምነትዎ ቢጠነክር ማሽን ላይ ባልተኙ» ሲሉህ ሰምቻለሁ። ቡና ይዤ በሩ ላይ ደርሼ ነበር። አንተ ዝም አልክ። እኔ ሲኒውን ልደፋባቸው ምንም አልቀረኝም፤ ይቅር ይበለኝ።

እሳቸው ማክሰኞ ማክሰኞ ቢያዩህ ምን ይሉ ነበር? ግራ ክንድህ በሁለት መርፌ ተወግቶ ተዘርግቷል። ዳዊቱን በቀኝ እጅህ ይዘህ ገጹን በአውራ ጣትህ ትገልጣለህ። ማክሰኞ ከመዝሙር 31 እስከ 60፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110። ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ብቻ ስለሆነ ከማሽኑ ቀድመህ ትጨርሳለህ። ያኔ አጠገብህ ያለው ወጣት፣ ያ ጴንጤው፣ «አባባ፣ 139ን ያንብቡልኝ» ይልሃል። «በእኛ አቆጣጠር 138 ነው» ብለህ ታርመዋለህ፣ ከዚያ ታነብለታለህ። ሁልጊዜ ያው ክርክር። ልጁ አውቆ የሚጠይቅህ ይመስለኛል።

ነርሷ ማሽኑ በደቂቃ ግማሽ ሊትር ገደማ ውሃ እንደሚጠቀም ነገረችኝ። በ4 ሰዓት 120 ሊትር መሆኑ ነው። ያ ሁሉ ውሃ በደምህ አጠገብ እያለፈ ሲያጥብህ፣ አንተ ከንፈርህ ደርቆ መዝሙር ታነባለህ። ጥማቱ ቀላል እንዳልሆነ ይገባኛል። ጀሪካኑንም ያስነሳህ እምነት ብቻ ሳይሆን ጥማትም ይመስለኛል። አትቆጣኝ።

የንስሐ አባትህ እሑድ ቤት ሲመጡ ያደረጉትን እንዳትረሳ። ሲኒ አስመጡ፣ ጠበሉን ቀዱልህ፣ «ለአንተ ይቺ ትበቃለች፣ የቀረውን ተጠመቅበት» አሉህ። ለሐኪሙ ያልሰጠኸውን እሺታ ለሳቸው ሰጠሃቸው። እሱስ ይሁን። የከበደህ ፍልሰታ ነው። እጥበቱ ፕሮቲን ስለሚወስድብህ እንቁላልና ዓሣ ብላ ተብለሃል፤ እሳቸውም ፈቅደውልሃል። «ሕፃናት የሚጾሙትን ጾም እኔ ልብላበት?» አልክ። ድምፅህ ተንቀጠቀጠ። እዚህ ላይ የምልህ የለኝም፣ አባዬ። እኔንም አሞኛል።

ግን ጓሮህ ያለው አቮካዶ እያፈራ አንተ አትቀምሰውም። ሙዝ ትተሃል። በውስጣቸው ያለው ፖታሲየም የሚባል ማዕድን ሲበዛ ልብ ያቆማል ካሉህ ወዲህ ድንችና ቲማቲም እንኳ ለክተህ ነው የምትበላው። ውሃ ተጠምተህ ታድራለህ። ይሄንን ማን ጾም ብሎ ቆጠረልህ? እኔ ቆጥሬልሃለሁ።

የእማዬን ሲኒ፣ ያቺን አፏ የተሸረፈችውን፣ ከጀሪካኑ አጠገብ አስቀምጫታለሁ። በእሷ ብቻ ጠጣ። ማክሰኞ ተመዝነህ ስትወርድ ኪሎህን ደውለህ ንገረኝ። እንዳትቀንስልኝ፣ ነርሷንም እጠይቃታለሁ። ኩላሊቴን ስለመስጠቱ ስመጣ እንነጋገራለን። እምቢ ማለትህን ሰምቻለሁ፣ ግን አልተቀበልኩትም።

ልጅህ፣
ከአዳማ